በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ የጦር ሜዳ መነጽር ለመግዛት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የገዛሁት የመጀመሪያው የጦር ሜዳ መነጽሬ በጀርባው ላይ በወርቃማ ቀለም «60×60» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ባለሱቁም ስልሳ እጥፍ አቅርቦ ያሳያል ብሎ በእርግጠኝነት ስለ ነገረኝ፣ ብዙም ሳልከራከር ዋጋውን ከፈልኩ። እሑድ ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍ ጥንብ አንሣ ለማየት ስሞክር ግን የታየኝ ጠርዙ ሐምራዊ የሆነ፣ እጄ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር የሚዘልል ግራጫ ጥላ ነበር። ቤት ገብቼ የፊተኛውን ሌንስ በልጄ ማስመሪያ ብለካው 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዓይን ማያው በኩል የምትታየው ክብ ብርሃን ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ነበረች፣ ወደ ፊት በማስረዳው ስሌት መሠረት መነጽሩ የሚያቀርበው ከ9 እጥፍ ያልበለጠ መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ለመግዛት የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ ሲያማክረኝ፣ ከገንዘቡ በፊት ማስመሪያ ይዞ እንዲሄድ እነግረዋለሁ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ብዙ ገንዘብ ለማውጣት አቅም ለሌለው፣ ነገር ግን የጥምቀትን በዓል ከጃንሜዳ ዳር ቆሞ ለመከታተል፣ በአምቦ መንገድ ካለው የገፈርሳ ግድብ ዳርቻ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማየት፣ ወይም ወደ ስሜን ተራሮች ሲጓዝ በገደሉ ላይ የቆመውን ዋልያ ከዐለቱ ለመለየት ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። በጠመንጃ ላይ የሚገጠመውን ማነጣጠሪያ መነጽር እዚህ አላነሣውም፤ ጠመንጃው ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ቁጥሮቹ አነባበብ፣ ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን የምለው አብዛኛው ነገር ለእርሱም ይሠራል።

በማንኛውም የጦር ሜዳ መነጽር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። «8×42» ቢል፣ የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ዕቃውን 8 እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ይገልጻል። በ800 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በዚህ መነጽር ሲታይ 100 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ከዓይን ማያው የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ይሰጣል፤ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 42 ለ10 ሲካፈል 4.2፣ ትንሹ የኪስ መነጽር 10×25 ደግሞ 2.5 ብቻ ይሆናል።

ይህ ክብ ከሰው ዓይን ብሌን ጋር መነጻጸር አለበት። ብሌናችን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚከፈት፣ በቀን ብርሃን የኪሱም መነጽር ቢሆን በቂ ይመስላል፤ በጨለማ ግን የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው ብሌን ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 ብዙም አያልፍም። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ አራዊትና ወፎች የሚንቀሳቀሱት ደግሞ በአብዛኛው በዚያችው አጭር ሰዓትና ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ከ4 ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ክብ ያለው መነጽር በቀትር የተመሰገነውን ያህል ማታ ባለቤቱን ያሳፍራል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ገዢ 8×42 የሚሻለው ሲሆን፣ ክብደት የሚያስቸግረው ሰው 8×32 ወይም 8×30 ቢወስድ አይቆጭም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቃወመኛል። ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ 8 እጥፍን ትቶ 12 ወይም 20 እጥፍ የሚያቀርበውን መውሰድ ብልኅነት ይመስላል፤ እኔም በዚያ ስሌት ነው 60×60 ይዤ የተመለስኩት። መነጽሩ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የእጃችንን መንቀጥቀጥም በዚያው መጠን ያጎላል። ከ10 እጥፍ በላይ በሆነ መነጽር ያለ መቆሚያ የሚታይ ምስል ስለሚርገበገብ፣ 8 እጥፍ ሆኖ ጸጥ ያለው ምስል ከእርሱ የበለጠ ዝርዝር ያሳያል። በተጨማሪም የማቅረብ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራ ይጠብባል። የእይታ ስፋቱ 7 ዲግሪ የሆነ መነጽር በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 122 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ስፍራ ያሳያል፤ ጠባብ የሆነው ግን ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ የምትበር ወፍን ለመከተል ቀርቶ ለማግኘትም ያስቸግራል። ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው፤ በበጋ ቀትር ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነሣው ትኩስ አየር ምስሉን እንደ ፈሳሽ ያወዛውዘዋል፣ ይህንን ደግሞ ምንም ሌንስ አያርመውም። የማቅረብ ኃይሉን በመዘውር የሚለዋውጠው ዙም መነጽርም በርካሽ ዋጋ ሲሠራ እይታው ጠባብና ደብዛዛ ስለሚሆን እንዳይገዙት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ማስመሪያው እንመለስ። ሱቅ ውስጥ መነጽሩን ተቀብለው በመጀመሪያ የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ይለኩ፤ ሌንሱን በማስመሪያው እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ መነጽሩን ከፊትዎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው ሲይዙት፣ በእያንዳንዱ ዓይን ማያ መካከል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታይዎታል። የዚህን ክብ ስፋት በማስመሪያው ገምተው የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ለእርሱ ሲያካፍሉ እውነተኛው የማቅረብ ኃይል ይገኛል። መነጽሩ በእርግጥ 60×60 ቢሆን ኖሮ ክቡ 1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የመርፌ ራስ ያህል ብቻ መሆን ነበረበት። ማስመሪያ የረሳ ሰው ሌላ ዘዴ አለው፤ በአንድ ዓይኑ በመነጽሩ ውስጥ፣ በሌላው ዓይኑ ደግሞ በባዶው ወደ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ወይም አጥር እየተመለከተ፣ በመነጽሩ የሚታየው አንድ የቆርቆሮ ሽንሽን በባዶ ዓይን ከሚታዩት ስንቱን እንደሚሸፍን መቁጠር ይችላል። ስምንት ከሸፈነ 8 እጥፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይን ቢያስቸግርም ከጥቂት ሙከራ በኋላ ሁለቱ ምስሎች ተደራርበው ይታያሉ።

ያችን ብሩህ ክብ ሲመለከቱ ቅርጿንም ያስተውሉ። ሙሉ ክብ ሆና ጠርዟ እኩል ብሩህ ከሆነ በውስጡ ያለው ፕሪዝም ባክ-4 ከሚባለው ወይም እርሱን ከመሰለ ደህና ብርጭቆ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ጎኖቿ ተቆርጠው አራት ማዕዘን የመሰለች፣ ጠርዟም ግራጫ ጥላ ያለባት ከሆነች ግን ርካሹ ቢኬ-7 የሆነ ወይም ፕሪዝሙ ከሚገባው በላይ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

ፕሪዝም የተባለው በሌንሶቹ መካከል ተቀምጦ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው ብርጭቆ ነው። ጣሊያናዊው ኢግናሲዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ባስመዘገበው አሠራር የተሠሩት መነጽሮች ትከሻቸው ሰፊና የተሰበረ ሲሆን፣ የፊተኞቹ ሌንሶች ከዓይን ማያዎቹ ይልቅ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ሌላው ዓይነት ጣሪያ ቅርጽ ባለው ፕሪዝም የሚሠራው ቀጥ ያለ ቀጭን ቱቦ የሆነው ነው። ቀጥ ያለው ዘመናዊ መስሎ ስለሚታይ ገዢው ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ ነገር ግን ይህ ዓይነት ምስሉ ጥርት እንዲል እጅግ ጥንቃቄ ያለበት አሠራርና በፕሪዝሙ ላይ ተጨማሪ ልዩ ቅብ ስለሚያስፈልገው፣ በተመሳሳይ ዝቅተኛ ዋጋ ሲወዳደሩ የፖሮው ምስል ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። የፖሮው ጉድለት ክብደቱና ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ገንዘብዎ ትንሽ ከሆነ መልኩን ትተው ትከሻ ሰፊውን ይሞክሩ።

ከሁሉ በላይ ዋጋውን የሚወስነው ግን በዓይን የማይያዝ ቀጭን ነገር፣ ማለትም በሌንሶቹ ላይ ያለው ፀረ-ነጸብራቅ ቅብ ነው። ምንም ያልተቀባ ብርጭቆ ብርሃን በገባበትና በወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። በአንድ መነጽር ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች ዐሥር ቢሆኑ እንኳ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከገባው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ቱቦው ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ዘይስ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ያገኘው ቅብ ይህንን ብክነት እጅግ ቀንሶታል። ዛሬ በካርቶኑ ላይ የሚጻፉት ቃላት ደረጃ አላቸው፤ «የተቀባ» ማለት ቢያንስ አንድ ገጽ ተቀብቷል፣ «ሙሉ በሙሉ የተቀባ» ማለት አየር የሚነካው ገጽ ሁሉ አንድ ጊዜ ተቀብቷል፣ «ሙሉ በሙሉ በብዙ ድርብ የተቀባ» ማለት ደግሞ ሁሉም ገጾች በተደራራቢ ቅብ ተሸፍነዋል ማለት ነው። የሚፈለገው የመጨረሻው ነው። ጽሑፉን ለማረጋገጥ ከራስዎ በላይ ያለ አምፖል በፊተኛው ሌንስ ውስጥ ሲንጸባረቅ ይመልከቱ፤ ነጸብራቆቹ ደብዛዛ ሆነው አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካላቸው ቅቡ አለ፣ ነጭና ብሩህ የሆነ ነጸብራቅ በታየ ቁጥር ግን ያልተቀባ ገጽ አለ ማለት ነው። እንደ ሩቢ የሚያበራው ቀይ ሌንስ ገዢን ለመሳብ የተደረገ ከመሆን አያልፍም፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ዓለሙን ሁሉ ሰማያዊ አረንጓዴ አስመስሎ ያሳያል።

መነጽር የሚያደርግ ሰው አንድ ተጨማሪ ቁጥር መጠየቅ አለበት። ዓይን ከዓይን ማያው ምን ያህል ርቆ ሙሉውን እይታ ሊያገኝ እንደሚችል የሚገልጸው ይህ ቁጥር ቢያንስ ከ15 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ካልሆነ፣ በመነጽር ላይ መነጽር ደርቦ የሚመለከተው ሰው የሚያየው የምስሉን መካከል ብቻ ነው። በሱቅ ውስጥ የራስዎን መነጽር ሳያወልቁ፣ የዓይን ማያውን የጎማ ጠርዝ አጥፈው ወይም ወደ ውስጥ አዙረው ከሞከሩት ቁጥሩን ሳይጠይቁም መልሱን ያገኙታል።

ባለሱቁ መነጽሩን ወደ ደጃፍ አውጥተው እንዲሞክሩት ካልፈቀደ ከእርሱ ጋር ጊዜ አያባክኑ። ፒያሳና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለሚገዛ ሰው የቸርችል ጎዳና ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች በኩል ቆሞ ቁልቁል ሲመለከቱ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ የቆመው፣ 50 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የትግላችን ሐውልት ጫፉ ላይ ያለው ኮከብ ከሰማይ ጋር ሲነጻጸር የሌንሱን ጥራት ያጋልጣል። የኮከቡ ጠርዝ ላይ ጥቂት የቀለም ጭረት በርካሽ መነጽር የማይቀር ስለሆነ ይታለፋል፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ፈትል ሆኖ ዙሪያውን ከሸፈነው ግን መነጽሩን ይመልሱ። ኮከቡን ከእይታው መካከል ወደ ዳር ሲወስዱት እየደበዘዘ መሄዱ የተለመደ ቢሆንም፣ ከመካከል እስከ ዳር ካለው ርቀት ግማሹን ሳይጨርስ ቅርጹ ከጠፋ እይታው በተግባር ግማሽ ነው።

ከሁሉም ፈተና የምጠነቀቅለት የሁለቱ ቱቦዎች መገጣጠም ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጉድለት በሁለት ደቂቃ ሙከራ ሳይታወቅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይሆናል። ራቅ ያለ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ላይ ካነጣጠሩ በኋላ፣ መነጽሩን ቀስ እያሉ ከዓይንዎ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁ። በግራና በቀኝ የሚታየው መስመር እንደ አንድ ክር ከቀጠለ ቱቦዎቹ ተስተካክለዋል፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ ከተሰበረ ግን መነጽሩ ወድቆ ያውቃል ወይም ከመጀመሪያው በትክክል አልተገጠመም። ዓይናችን ወደ ጎን ያለውን ትንሽ ልዩነት ሊያቻችል ይችላል፣ የላይና የታች ልዩነትን ግን እጅግ ጥቂት ካልሆነ በስተቀር አይችልም።

ያገለገለ ዕቃ የማይንቅ ሰው በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡትን መነጽሮች ቢያገኝ በጥሞና ሊያያቸው ይገባል። በካዛንና በዛጎርስክ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩት 8×30 እና 7×50 የፖሮ መነጽሮች በብረትና በብርጭቆ ጥራታቸው ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹን ያስንቃሉ፤ የመለያ ቁጥራቸው የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠሩበትን ዓመት ስለሚያመለክቱ ዕድሜያቸውን ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። አንዳንዶቹ ምስሉን ወደ ቢጫ ይወስዱታል፤ ይህ ለወፍ ቀለም የማይመች ቢሆንም በጉም ውስጥ ያን ያህል አይጎዳም። የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። በእጅ ባትሪ ከፊተኛው ሌንስ በኩል እያበሩ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ፣ ዋጋው ምንም ቢወርድ አይውሰዱት፤ ሻጋታው ቅቡን ከዚያም ብርጭቆውን ራሱን ስለሚበላ ቢጠረግ እንኳ ጠባሳው አይለቅም። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ምስሉን ስለማይጎዳ ዋጋ ለማስቀነስ ካልሆነ በስተቀር ሊያሳስብ አይገባም።

አዲስ ለሚገዛ፣ በውጭ አገር ገበያ ከ100 እስከ 150 ዶላር የሚጠየቅባቸው ደህና መነጽሮች አሉ። የኒኮን አኩሎን 8×42 ሰፊ እይታ ያለው የፖሮ መነጽር ነው፤ ሆኖም ከ700 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ውኃ አይችልም፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰውም አይመችም። የሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ 8×42 ቀጥ ያለው ዓይነት ሆኖ ውኃ የማያስገባና በክብደቱም ቀለል ያለ ነው። የእነዚህን ስም የለጠፉ አስመሳይ ዕቃዎች በገበያው ስለማይጠፉ፣ ከላይ የተገለጹትን ፈተናዎች ስሙን አይቶ መዝለል አይገባም። ዘመድ ከውጭ እንዲያመጣልዎት ከሆነ፣ የጦር ሜዳ መነጽር በኤርፖርት ሊጠየቅበት የሚችል ዕቃ ስለሆነ አስቀድመው ጉምሩክን ያማክሩ፤ መንገደኛውም ደረሰኙን ይዞ ይምጣ። በከተማው ውስጥም ቤተ መንግሥትን፣ ወታደራዊ ግቢንና ኤምባሲን በመነጽር መመልከት ጥበቃዎችን ስለሚያስቆጣ፣ ወፏ በዚያ አጥር ላይ ብታርፍ እንኳ ወደ ሌላ ቦታ እስክትሄድ መጠበቅ ይሻላል።

ክረምቱ ለመነጽር ክፉ ነው። በናይትሮጅን የተሞላና የታሸገ መነጽር ውስጡ ጉም አይዝም፤ ያልታሸገው ግን ዝናብ ከነካው ወይም እርጥብ ቤት ውስጥ በቦርሳው ከከረመ ሻጋታ ያወጣል። ጫማ ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አጠራቅሞ ከመነጽሩ ጋር በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አይጥረጉ፤ መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ ያራግፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ይጥረጉ።

መነጽሩን ገዝተው ቤት ሲገቡ በመጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች እንደ ዓይኖችዎ ርቀት አጥፈው አንድ ክብ ብቻ እንዲታይዎት ያድርጉ። ቀጥሎ የቀኙን ሌንስ በክዳኑ ሸፍነው በግራ ዓይን ብቻ ራቅ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ከመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ታፔላ፣ ጥርት ብሎ እስኪነበብ ድረስ የመካከሉን መዘውር ያዙሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው፣ የመካከሉን መዘውር ሳይነኩ፣ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ በማዞር ያንኑ ጽሑፍ ያጥሩ። ይህ ቀለበት በሁለቱ ዓይኖችዎ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተካክል ስለሆነ ከዚያ በኋላ መነካት የለበትም። በእኛ ቤት ልጆች በተቀበሉት ቁጥር ስለሚያዞሩት፣ የእኔ ዓይን የሚስማማበት ቦታ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አኑሬበታለሁ።